አይ ቢ ኤስ እና የጅማ ኑሮ፦ ወጡ፣ ቡናው፣ የአዲስ አበባው መንገድ

ጥያቄ፦ ሂርማታ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄው ስለ እህቴ ነው፤ 34 ዓመቷ ነው። ተቅማጥ የሚያበዛው ዓይነት አይ ቢ ኤስ (የአንጀት መቆጣት) እንዳለባት የውስጥ ደዌ ሐኪም ነግሯታል። ሰገራዋ በተለያየ ቀን ሦስት ጊዜ ተመርምሮ ጃርዲያም አሜባም አልተገኘም። ደም ማነስ የለባትም፣ ክብደቷ አልቀነሰም፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ተቅማጥም የለም። ምርመራው ስላለቀ አሁን የምንፈልገው የአኗኗሩን ዘዴ ነው።

ያስቸገረን ይህ ነው። ቤት ውስጥ ለስድስት ሰው አንድ ድስት ነው የሚሠራው፤ ለእሷ ምን ይደረግ? ጠዋት ከቤት እስክትወጣ ሦስት አራት ጊዜ ትመላለሳለች፤ እዚሁ ጅማ መርካቶ ያለው የሥራ ቦታዋ ደግሞ መጸዳጃ ቤቱ ሁልጊዜ ክፍት አይደለም። በወር አንዴ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ስለምትሄድ ከዋዜማው ጀምሮ እህል አትቀምስም። «ጨጓራ ነው፣ ወተት ትጠጣ» የሚለው ተሞክሮ ብሶባታል። የምታውቁ በመጠንና በሰዓት ንገሩን።

መልስ 1፦ ባለ ወጥ ቤት

እህትህን እግዜር ይማርልህ። እኔ ከሽንኩርቱ ነው የምጀምረው፤ በእኛ ቤት ምግብ ትልቁ ጠላት እሱ ነውና።

ቀይም ነጭም ሽንኩርት ውስጥ ፍሩክታን የሚባል ነገር አለ። የሰው ትንሹ አንጀት አይፈጨውም። እንዳለ ትልቁ አንጀት ይደርስና ባክቴሪያ ያብላላዋል፤ ጋዝ ይሆናል፣ ውኃም ይስባል። ይህ በጤነኛ ሰው ሆድም ይደረጋል፤ አይ ቢ ኤስ ያለበት አንጀት ግን ትንሽ ሲወጠር ብዙ ያምመዋል። ለአንድ ዶሮ እስከ 2 ኪሎ ሽንኩርት የሚገባበት ወጥ ምን እንደሚያደርግ ከዚህ አስቡት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ሽንኩርቱን ከሳህኑ ለቅሞ ማውጣት አይጠቅምም። ፍሩክታን በውኃ ይሟሟል፣ ስለዚህ መረቁ ውስጥ ገብቷል። በዘይት ግን አይሟሟም። መፍትሔውም ከዚሁ ይመጣል፦ 4 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት ጨፍልቃችሁ በግማሽ ብርጭቆ ዘይት፣ በለዘብተኛ እሳት 5 ደቂቃ ያህል አቆዩ። ሽታው ሲወጣ፣ ሳይጠቁር፣ ፍሬውን በሙሉ አጥልላችሁ ጣሉ። ጣዕሙ ዘይቱ ላይ ይቀራል። ዘይቱ በዚያው ቀን ይለቅ፤ ፍሪጅ ካለ ቢበዛ 3 ቀን። መደርደሪያ ላይ ማቆየት ፈጽሞ አይገባም፤ ነጭ ሽንኩርት በዘይት ታፍኖ ሲቀመጥ ቦቱሊዝም የተባለውን አደገኛ ሕመም የሚያመጣ መርዝ ሊፈጠርበት ይችላል። በደንብ የተነጠረና በጨርቅ የተጠለለ ቅቤም በዚሁ ምክንያት ይስማማል፣ ከታች የዘቀጠው እስካልገባበት ድረስ።

አንድ ድስት ለሚሠራበት ቤት ደግሞ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። ቁሌቱን ለብቻው በትንሽ ድስት ሥሩ። ሥጋውን ወይም ድንችና ካሮቱን በትልቁ ድስት ያለ ሽንኩርት፣ በዚያ ዘይት፣ በዝንጅብል፣ በእርድና በጨው አብስሉ። ሲበስል የእሷን ሁለት ጭልፋ አስቀድማችሁ አውጡ፤ ከዚያ ቁሌቱን በቤተሰቡ ድስት ላይ ገልብጡ። ጭልፋና ሰሃን መለየት አያስፈልግም፤ አለርጂ ስላልሆነ የሚጎዳት ብዛቱ ነው።

ያለ ሽንኩርት የተሠራ ወጥ ዘይቱ ለብቻው፣ ውኃው ለብቻው ይሆናል። ወጡን የሚያያይዘው ሽንኩርቱ ስለነበር ነው። ሁለት ካሮት በደቃቁ ፍቃችሁ ከአንድ ቲማቲም ጋር ውኃው እስኪመጥ አቁላሉ፣ ይይዛል። የባሮ ሽንኩርት አረንጓዴ ቅጠሉም ይስማማል፤ ነጩ ግንድ ግን አይሆንም።

በርበሬውንም ተጠንቀቁ። የተዘጋጀ በርበሬ ሲደለዝ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ገብቶበታል። ለእሷ ዛላው ብቻ ፍሬው ወጥቶ፣ ከኮረሪማ፣ ከጥቁር አዝሙድና ከደረቅ ዝንጅብል ጋር ይፈጭላት። ማቃጠሉ ራሱ አንጀት ስለሚያነሳሳ በእሷ ድርሻ ሩብ የሻይ ማንኪያ ይበቃል።

መልስ 2፦ ፋርማሲስቱ

የምርመራውን ነገር በደንብ አስቀምጠኸዋል። ለሌሎች አንባቢዎች ግን ልድገመው፦ ሰገራ ላይ ደም፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ትኩሳት፣ ደም ማነስ፣ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ተቅማጥ፣ ወይም ሕመሙ ከ50 ዓመት በኋላ የጀመረው ሰው ከሆነ ይህ ውይይት አይመለከተውም፤ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሜዲካል ሴንተር ወይም ሌላ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ሆድ በታመመ ቁጥር ያለ ምርመራ ቲኒዳዞልና ሜትሮኒዳዞል መዋጥም ይቁም። የአንጀቱን ደኅና ባክቴሪያ ጭምር ያጠፋል፤ ለቀናት የተሻለ መስሎ ተመልሶ ይመጣል።

መድኃኒቱን በተመለከተ፦ ተቅማጥ የሚይዘው ሎፔራማይድ 2 ሚሊ ግራም፣ ከቤት ከመውጣቷ 45 ደቂቃ በፊት አንድ ፍሬ። ተቅማጡ ከጀመረ በኋላ ከመሯሯጥ አስቀድሞ መውሰዱ ይበልጣል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ በቀን ከ4 ፍሬ አይለፍ፤ መጠኑ ሲበዛ የልብ ምት ያዛባል። ደም ወይም ትኩሳት ባለበት ቀን አይወሰድም። ደጋግማ ከወሰደች በማግሥቱ ድርቀት ይመጣና ቁርጠቱ ይብሳል። እንዲህ ከሆነ በየቀኑ ሳይሆን ለአስፈላጊ ቀን ብቻ ይቀመጥ። ሎፔራማይድ ቁርጠትን ያን ያህል አያስታግስም፤ ለዚያ ቡስኮፓን 10 ሚሊ ግራም ወይም ከምግብ 20 ደቂቃ በፊት የሚወሰደው ሜቤቬሪን 135 ሚሊ ግራም አለ።

ይህ ሁሉ ካልያዘላት ሐኪሟን ስለ አሚትሪፕቲሊን ትጠይቅ። ማታ በ10 ሚሊ ግራም ይጀመራል። ወረቀቱ ላይ «ለድብርት» የሚል አንብባ እንዳትደነግጥ፤ በዚህ ትንሽ መጠን ሥራው ከአንጀት ወደ አንጎል የሚሄደውን የሕመም ምልክት ማለዘብ ነው፣ አንጀቱንም ያዘገየዋል፣ ለእሷ ዓይነት የሚመቸውም ለዚህ ነው። አፍ ያደርቃል፣ ያስተኛል። ጥቅሙ የሚታየው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ስለሆነ በአሥረኛው ቀን «አልሠራም» ብሎ መተው ስህተት ነው።

መልስ 3፦ አባ ሰላም

ነጭ ሽንኩርት በማር ጠዋት በባዶ ሆድ፣ ማታ ደግሞ ፌጦ በሎሚ። አንጀት ያጸዳል።

መልስ 4፦ ባለ ወጥ ቤት

አባቴ፣ በጎ አስበው እንደጻፉ ይገባኛል፤ ለዚህች ልጅ ግን ይቅርባት። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ያው ፍሩክታኑ ነው፣ ያልበሰለና በባዶ ሆድ። ማር ላይ ካሉት ሁለት ስኳሮች ፍሩክቶሱ ከግሉኮሱ ስለሚበልጥ የተረፈው ሳይመጠጥ ወርዶ ውኃ ይስባል። ፌጦም ያቃጥላል። የእሷ አንጀት የሚጸዳ ነገር የለበትም፤ ችግሩ መጣደፉ ነው።

ጥያቄ፦ ሂርማታ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ልጨምር። ጾም ሲገባ ከሽሮና ከምስር ውጭ ምን ትብላ? ቡናስ? ጅማ ተቀምጦ ቡና አልጠጣም ማለት ጎረቤት ማስቀየም ነው።

መልስ 5፦ የአጋሮ መንገድ (የሥነ ምግብ ባለሙያ)

መጀመሪያ አጠቃላዩን ልበል። ከላይ ስለ ሽንኩርት የተባለው ሎው ፎድማፕ የሚባለው (አንጀት ውስጥ የሚብላሉ ስኳሮችን የሚቀንስ) አመጋገብ አንድ ክፍል ነው፤ ያወጡት አውስትራሊያ የሚገኘው የሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው። የዕድሜ ልክ ጾም አይደለም። ከ2 እስከ 6 ሳምንት ያህል የሚያስቸግሩት ይቀነሳሉ፤ ከዚያ አንድ በአንድ ይመለሳሉ። አንዱን ምግብ ለ3 ቀን በየቀኑ መጠኑን እየጨመሩ መሞከር፣ 2 ቀን ማረፍ፣ ወደ ሌላው ማለፍ። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ከመለሰች የቱ እንዳመማት አይታወቅም። ደብተር ትያዝ፦ የበላችው፣ ሰዓቱ፣ የሰገራው ዓይነት፣ ሕመሙ ከ10 ስንት፣ እንቅልፍ፣ የወር አበባ። የወር አበባ ሰሞን ስለሚብስ ሳይጻፍ ከቀረ ያልበደለ ምግብ ይከሰሳል።

ምስርን ማዳን ይቻላል። ድፍኑ ምስር ከማታ ጀምሮ ይዘፍዘፍ፣ ውኃው ይደፋ፤ በአዲስ ውኃ 10 ደቂቃ ከፈላ በኋላ ያም ይደፋ፣ ከዚያ ይሠራ። ጋዝ የሚያመጣው ስኳር ብዙው ከውኃው ጋር ይሄዳል። ለጀማሪ 3 የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ሽሮ ግን ዱቄት ስለሆነ የሚደፋ ውኃ የለውም፤ ሲዘጋጅም ሽንኩርት ገብቶበታል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሽሮ ይውጣ። በምትኩ ድንችና ካሮት አልጫ፣ ጎመን፣ ሩዝ፣ የሱፍ ፍትፍት፣ አንድ እፍኝ ለውዝ። እንጀራው ንጹሕ ጤፍ ይሁን፤ ከውጭ የሚገዛው ስንዴ ወይም ገብስ ተቀላቅሎበት ሊሆን ስለሚችል ጋጋሪዋን መጠየቅ ነው። በከፋ ቀን ግማሽ እንጀራ፣ ቀሪውን ሩዝ። «ፋይበር ነው» ተብሎ ፉርሽካ የበዛበት ዳቦ እንዳትገዙላት፣ ይብስባታል። ረመዳን የሚጾም አንባቢ ካለ፦ ማፍጠሪያው አንድ ተምርና ውኃ ይሁን፤ ሳምቡሳውና ሾርባው በአንዴ ሲወርድ አንጀት ይደነግጣል፣ በአንድ ሰዓት ልዩነት ይከፈል።

ፍራፍሬ ላይ ፓፓያና ብርቱካን ይስማማሉ። ማንጎና ብዙ አቮካዶ አይስማሙም፤ ስለዚህ ስፕሪስ ጁስ ውስጥ ለእሷ የሚሆነው የፓፓያው ንጣፍ ብቻ ነው። ከወተት ማኪያቶ ይቅር፤ አይብ በትንሹ ይሞከር፣ አጓቱ ስለወጣለት ላክቶሱ (የወተት ስኳሩ) ቀንሷል።

አሁን ቡናው። ቡና ትልቁን አንጀት በደቂቃዎች ውስጥ ያንቀሳቅሳል፣ በባዶ ሆድ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። አቦሉን ትዝለለውና ለበረካ ትቀመጥ፤ ቀጭን ነው፣ ስኒ መቀበሏም ማንንም አያስቀይም። በቀን አንድ ስኒ፣ ምግብ ከቀመሰች በኋላ። ቡና ቁርሱ ፈንዲሻ ከሆነ ይስማማታል፤ ቆሎው ግን ገብስና ሽምብራ ስለሆነ ይለፋት። ጫት ለሚቅሙ አንባቢዎች በአጭሩ፦ ጫት ያደርቃል፣ የምግብ ፍላጎትም ይዘጋል። ድርቀት የሚበዛበት ዓይነት ያለበት ሰው ሌላ ምክንያት ከመፈለጉ በፊት እሱን ይቀንስ። ድርቀት ላለበት ሰው ተልባ ጥሩ ነው፤ የተፈጨ 1 የሻይ ማንኪያ በአንድ ብርጭቆ ውኃ፣ ያለ ማር፣ በየሳምንቱ እየጨመረ እስከ 1 የሾርባ ማንኪያ።

የጠዋቱ መመላለስ የሰዓት ጉዳይ ነው። መንቃቱ ራሱ አንጀትን ያነሳል፤ ሆድ ውስጥ ምግብ ሲገባ ደግሞ ትልቁ አንጀት ለመጪው ቦታ ይለቅቃል። 2 ሰዓት ላይ የምትወጣ ከሆነ 12 ሰዓት ትንቃ፣ 12:30 ላይ ትንሽ ትብላ፦ ሩዝ ወይም የተቀቀለ እንቁላል። ያ እንቅስቃሴ ቤት ውስጥ ያልቃል። ቁርስ መዝለል የሚጠቅም ይመስላል፤ ግን ምሳው ይበዛና ያው ነገር በ7 ሰዓት ተኩል ሥራ ቦታ ይመጣል። መጸዳጃ ቤቱን በተመለከተ ከሐኪም አጭር ደብዳቤ ይዛ አለቃዋን አስፈቅዳ ቁልፍ ታስቀርጽ። ቁልፉ ኪሷ ውስጥ መሆኑ ብቻ ጭንቀቱን ያቀልላል፤ ጭንቀት ደግሞ አንጀትን በቀጥታ ያፋጥናል።

መልስ 6፦ ፋርማሲስቱ

መንገዱን እኔ ልጨርስ። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አውቶቡሱም በማለዳ ይነሳል። ከዋዜማው ጀምሮ መራብ አይበጅም፤ ባዶ አንጀትም ጋዝና ቁርጠት አለው፣ መንገድ ላይ የመጀመሪያው ጉርሻ ሲገባ ደግሞ ግብረ መልሱ ይበረታል። ማታ 1 ሰዓት ላይ ሩዝና ዶሮ ወይም ድንች፣ ዘይት ያልበዛበት። ቡና የለም። ሎፔራማይድ አንድ ፍሬ ከመነሻው 45 ደቂቃ በፊት።

አደጋው ቁርስ ማቆሚያው ላይ ነው። መኪናው ይቆማል፣ ሰው ሁሉ ጥብስ ፍርፍርና ማኪያቶ ያዝዛል፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ጉዞው ይቀጥላል። ቅባቱ፣ ወተቱና ቡናው ተደምረው አንጀቱን የሚያስነሱት ግን መኪናው ከተንቀሳቀሰ በኋላ፣ ምናልባትም የግቤን ቁልቁለት ሲወርድ ነው። እዚያ ቦታ ረዳቱን ማስቆም ከባድ ነው። ስለዚህ ከቤት የተቀቀለ ድንችና እንቁላል ይዛ በጥቂት በጥቂቱ ትብላ፤ ማቆሚያው ላይ መጀመሪያ መጸዳጃ ቤት፣ ሌላው በኋላ። ወልቂጤና ወሊሶ ላይም ባይመጣባትም ትውረድ። ወንበሩ ከፊት፣ ከመተላለፊያው በኩል ይሁን፤ ረዳቱንም ከመነሳቱ በፊት ለብቻው «እህቴ ታማለች፣ ስትጠራህ አቁምልን» በሉት። መንገድ ላይ ከመጮህ ይሻላል።

ቦርሳዋ ውስጥ፦ ሶፍት፣ ግማሽ ሊትር ውኃ ለመታጠቢያ፣ ቅያሪ ልብስ በፌስታል፣ 2 ፍሬ ሎፔራማይድ፣ አንድ ከረጢት ኦ አር ኤስ። ኦ አር ኤሱ ሙሉውን በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ይበጠበጣል፤ በግማሽ ሊትር ከተበጠበጠ ጨውና ስኳሩ በዝቶ ተቅማጡን ያብሳል። ቁርጠቱ መንገድ ላይ ከጀመረ ቀበቶና መቀነት ታላላ፣ እጇን እምብርቷ ላይ አድርጋ 4 እየቆጠረች በአፍንጫ ታስገባ፣ 6 እየቆጠረች ታስወጣ፤ ደረት ሳይሆን ሆድ ይነሳ። 10 ደቂቃ። ይህን ግን ቤት ውስጥ ማታ ማታ ለሁለት ሳምንት ሳትለማመደው አውቶቡስ ላይ አይመጣላትም።