«ቦሪትጎጌ»ን በአማርኛ ምን እንበለው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለቤቱ። በአንድ የኮሪያ ድራማ ላይ አንዲት አያት «ቦሪትጎጌን ያለፍን ሰዎች ነን» ይላሉ። ከሥር የተጻፈው ትርጉም «የረሃብ ወቅት» ነው። ቃሉ ውስጥ ግን ገብስ አለ ሲባል ሰምቻለሁ። የሚያውቅ ቢያብራራልኝ?

መልስ፦ አለ እንጂ። «ቦሪ» ገብስ ነው። «ጎጌ» ደግሞ መንገድ ተራራ አቋርጦ የሚያልፍበት አቀበት። እኔ «የገብስ አቀበት» እለዋለሁ። ኮሪያዎቹም አብረውት የሚጠቀሙት ግሥ «ተሻገረ» የሚለው ነው። «የረሃብ ወቅት» ስህተት ባይሆንም ረሃቡ ከየት እንደመጣ አይናገርም።

በድሮዋ ኮሪያ ነገሩ እንዲህ ነበር። ገበሬው ሩዙን በጥቅምት አካባቢ ያጭዳል። በተለይ ሞቅ በሚለው ደቡብ፣ እዚያው ማሳ ላይ ገብስ ይዘራል። ገብሱ በቅሎ የብርዱን ወራት ማሳው ላይ ከርሞ የሚደርሰው በግንቦት መጨረሻና በሰኔ ነው። ሩዙ ግን እስከዚያ አያደርስም። በጃፓን ቅኝ አገዛዝ ዘመን ብዙው ጭሰኛ የምርቱን ግማሽ ያህል ለባለመሬቱ ይሰጥ ነበር። ከተረፈው ላይ ዕዳ አለ። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ጎተራው ባዶ ነው፤ ገብሱ ደግሞ ማሳው ላይ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። በዓይን እያዩት መራብ ማለት ነው። «የገብስ አቀበት ከታይሻን ተራራ ይበልጣል» የሚሉትም ለዚህ ነው፤ ታይሻን ቻይና ውስጥ ያለ ስመ ጥር ተራራ ነው።

ሌላ አባል፦ ታዲያ እሸቱን አይበሉትም ነበር? እኛ ዘንድ እሸት ደስታ ነው።

መልስ፦ ይበሉት ነበር። ያልደረሰ እህል ቀድሞ አጭዶ መውቃት «ፑትባሲም» የሚባል የራሱ ቃል አለው። ግን የእሸት ደስታ የለበትም፣ የሰኔውን ምርት ቀድሞ መጨረስ ነውና። ያም ሲያልቅ «ቾግንሞክፒ» ይመጣል፤ የሣር ሥርና የዛፍ ቅርፊት ማለት ነው። የጥድን የውስጥ ልጥ ይልጡና ቀቅለው፣ ወቅጠው ከጥቂት እህል ጋር ይቀላቅሉታል።

ሌላው አማራጭ አራጣ ነው። «ጃንግኒ» ይሉታል። በሚያዝያ አንድ ጆንያ ሩዝ የተበደረ፣ በጥቅምት አንድ ተኩል ይመልስ ነበር። እኔን በጣም የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። የዘንድሮውን አቀበት ለመሻገር የተበደረ ሰው የሚመጣውን ዓመት አቀበት ራሱ ያረዝመዋል።

ሌላ አባል፦ ተራራውስ? የድሮ ፎቶዎች ላይ የኮሪያ ተራሮች መላጣ ናቸው።

መልስ፦ እሱ በዋናነት የማገዶ ጉዳይ ነው። ቤታቸው ያኔ ከወለሉ ሥር በእሳት የሚሞቅ «ኦንዶል» ነበር፤ ብርዱ ረጅም ነው፤ እንጨቱ ከየት ይምጣ? በቅኝ ዘመንና በኮሪያ ጦርነትም ብዙ ደን ተጨፍጭፏል። ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ1973 የአሥር ዓመት የደን ልማት ዕቅድ ጀመረች። ግን ችግኝ መትከል ብቻውን አይበቃም ነበር። «ዮንታን» የሚባለው ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የድንጋይ ከሰል እንጨቱን ባይተካው ኖሮ ችግኙም ለምድጃ ይሆን ነበር። ዮንታኑ በበኩሉ መርዛማ ጋዙ ቤት ውስጥ እየገባ ብዙ ሰው ገድሏል።

የገብሱን አቀበት ከሰበሩት ነገሮች መካከል ማዳበሪያና «ቶንግኢል» የተባለው ሩዝ ይገኙበታል። ቶንግኢል ከ1972 ጀምሮ በሰፊው ተዘራ፣ በ1977 ደቡብ ኮሪያ በሩዝ ራሷን ቻለች። ሰዉ ግን ጣዕሙን አልወደደውም፤ እንደለመዱት አይጣበቅም። ብርድም አይችልም ነበር። በ1980 ሩዙ በሚያድግበት በሐምሌና በነሐሴ ሲቀዘቅዝ ክፉኛ ተመታ። ገበሬውም ቀስ በቀስ ተወው።