«ራስን መውደድ» እና «ራስ ወዳድነት» አንድ ናቸው እንዴ?

ጀማሪ ተርጓሚ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። አንድ ቃል ሦስት ቀን ሙሉ አስሮኛል። ለጥናት ጓደኞቼ ከጆሴፍ በትለር ስብከቶች ጥቂት ገጽ እየተረጎምኩ ነው። ሰውዬው የእንግሊዝ ቄስ ነው። ለንደን ውስጥ በሮልስ ቤተ ጸሎት ከሰበካቸው 15ቱን በ1726 አሳተመ (ዓመቱ በፈረንጆቹ ነው)። «ሴልፍ ላቭ» (ቃል በቃል ራስን መውደድ) የሚለውን ቃል ደጋግሞ ያነሳዋል። እኔም ሳላመነታ «ራስ ወዳድነት» እያልኩ ሄድኩ። መቅድሙ ላይ ስደርስ ጉድ ፈላ። እዚያ የሚለው፣ የሚያሳዝነው ሰዎች ለገዛ ጥቅማቸው ብዙ ማሰባቸው አይደለም፤ እሱንስ በቅጡ አላሰቡም፤ የሚያሳዝነው ለሌላው የሚያስቡት ማነሱ ነው። የኔ ቃል ሲገባበት ቄሱ «ምነው ትንሽ ራስ ወዳድ ብትሆኑ» እያለ የሚሰብክ መሰለ። ጓደኛዬ አንብባ «ይሄ ሰውዬ ጤነኛ ነው?» አለችኝ። ምን ልበለው?

የቆሎ ተማሪ፦
እህቴ፣ ጥፋቱ ያንቺ ብቻ አይደለም። አማርኛውም እዚህ ላይ ሁለት ልብ ነው። «ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ» ሲባል ራስን መውደድ መለኪያ ነው፤ ማንም አይወቅሰውም። ሁለተኛ ጢሞቴዎስ ምዕራፍ 3 ላይ ግን የመጨረሻው ዘመን ክፉዎች ሲቆጠሩ መጀመሪያ የተጠሩት «ራሳቸውን የሚወዱ» ናቸው። ከገንዘብ ወዳዶቹም ከትምክህተኞቹም ቀድመው። ግሱ ያው፣ ራሱም ያው ራስ። ግዕዙ በፊተኛው ቦታ «ከመ ነፍስከ» ይላል፤ እንደ ነፍስህ። አማርኛ ነፍስን ትቶ ራስን ያዘ። ራስ ደግሞ ጭንቅላትም ነው። «ከራስ በላይ ነፋስ» የሚጣፍጠው ለዚህ ነው።

«ወዳድ»ን ብቻውን አትክሰሺው። ሰላም ወዳድ፣ አገር ወዳድ እንላለን። ራስ ላይ ሲገባ ነው ሌላውን ከቤት የሚያስወጣው።

ፍልስፍና ወዳድ፦
የኔም ስም ገባበት እንግዲህ። በትለር እንዲያ ያለው ያለ ምክንያት አይደለም። ከሱ በፊት እንግሊዛዊው ፈላስፋ ቶማስ ሆብስ በ1651 ሌዋታን የሚባለውን መጽሐፉን አሳትሟል። ብዙ አንባቢ ከሆብስ የወሰደው «ሰው የሚያደርገው ሁሉ ለራሱ ነው» የሚለውን ነው። ቀጥሎ በርናርድ ማንደቪል መጣ፤ ለንደን የሚኖር ሆላንዳዊ ሐኪም። የንቦች ተረት የሚባለውን መጽሐፉን በ1714 አወጣ። የግል ክፋት ለሕዝብ ጥቅም ይሆናል ባይ ነው። በ1723 አስፍቶ ሲያሳትመው የሚድልሴክስ የፍርድ ሸንጎ መጽሐፉን በሕዝብ ጠንቅነት ከሰሰው። በትለር የሚሰብከው እንግዲህ ይህ ሁሉ ወሬ ሳይበርድ ነው።

ስለ ሆብስ የዘመኑ ሰው ጆን ኦብሪ የጻፈው ወግ አለ። ሆብስ ስትራንድ በሚባለው ጎዳና ሲያልፍ አንድ ደካማ ሽማግሌ ለመነው። አየው፣ አዘነ፣ ኪሱ ገብቶ ስድስት ሳንቲም ሰጠው። አጠገቡ የነበረ ቄስ «ክርስቶስ ባያዝህ ኖሮ ትሰጠው ነበር?» አለው። «አዎ» አለ ሆብስ። ለምን ቢለው፣ የሽማግሌው መከራ አሞኝ ነበር፤ ምጽዋቴ እሱን ሲያቀልለት እኔንም አቀለለኝ ብሎ መለሰ።

አሁን ይህን ወደ አማርኛ አምጡት። «አንጀቴን በላው፤ ሰጠሁት፤ አንጀቴ ራሰ።» አልቋል! ሆብስ አማርኛ ቢችል ደስ ይለው ነበር። የተበላውም የራሰውም የገዛ አንጀቱ ነው።

የቆሎ ተማሪ፦
ግን እኮ አንጀቱን የበላው የሽማግሌው ነገር ነው። ለሽማግሌው ግድ የሌለው ሰው አንጀቱ ለምን ይበላል?

ፍልስፍና ወዳድ፦
በትለርን ሳታነብ በትለርን ተናገርክ። የሱ ክርክር ይኸው ነው። የራበው ሰው የሚፈልገው እንጀራ ነው። ደስታው ሲበላ ይመጣል። መጀመሪያ የእንጀራ ፍላጎት ከሌለ ግን የመብላት ደስታ ከየት ይመጣል? ርኅራኄም እንደዚያው። ስለዚህ በበትለር ቋንቋ ረሃብ፣ ቁጣ፣ በቀል «ሴልፍ ላቭ» አይደሉም። እሱ ሴልፍ ላቭ የሚለው ቁጭ ብሎ ስለ ዕድሜ ልክ ደኅንነቱ የሚያስበውን ነው፤ ረጋ ያለውን። በንዴት ትዳሩን የሚበትን ሰው ይህ ነው የጎደለው።

ነገረኛ፦
ታዲያ ይሄ እናቶቻችን «ለራስህ እወቅ» የሚሉት አይደለም? ሰፈራችን ውስጥ ደሞዙን በወጣበት ቀን ጠጥቶ የሚጨርስ ሰው ነበር። ማንም «ራስ ወዳድ» ብሎት አያውቅም። «ለራሱ የማያውቅ» ነበር የሚሉት። ለልጆቹም እንዳላወቀ ሁሉም እያየ።

ጀማሪ ተርጓሚ፦
ኧረ ተባረክ! ግን ገና አልጨረስኩም። ግርጌ ላይ ስለ ፈላስፋው ሩሶ ትንሽ ማስታወሻ ልጽፍ ነበር። በ1755 ስለ እኩልነት መጥፋት በጻፈው መጽሐፍ ሁለቱን ይለያል። «አሙር ደ ስዋ» እንስሳም ያለው፣ ራሱን ለማቆየት የሚገፋው ነው። «አሙር ፕሮፕር» ግን ከሰው ጋር ስንኖር የሚወለድ፣ ራስን ከሌላው ማወዳደር ያለበት ነው። ማኅበረሰብ ውስጥ የሚኖር ሰው በሌሎች አስተያየት ውስጥ ብቻ ይኖራል ይላል። ይህን «ይሉኝታ» ብለው ያስኬዳል?

ነገረኛ፦
በጭራሽ። ይሉኝታ ቢስ መባል ስድብ ነው እኮ። ይሉኝታ ያለው ሰው እየራበው «በልቻለሁ» ይላል። የሩሶው ሰውዬ ከሁሉ ቀድሞ ማዕድ ላይ መታየት ነው የሚፈልገው።

የቆሎ ተማሪ፦
ሥሩ ግን አንድ ነው፤ «ምን ይሉኛል»። አንዱ እንዳይሉት ይፈራል፣ ሌላው እንዲሉት ይናፍቃል። ለሁለተኛው «እዩኝ ባይነት» ብትይስ? «እዩኝ እዩኝ ያለ ደብቁኝ ደብቁኝ ያመጣል» የሚለውን አንባቢው ከቤቱ ያውቀዋል።

ፍልስፍና ወዳድ፦
እዩኝ ባይነት ትንሽ ይቀላል። ሩሶ የፈራው ነገር ፎቶ ከመለጠፍ ይከብዳል፤ ቅናትና ንቀትም አለበት። ከእስካሁኑ ሁሉ ግን ይሻላል፣ ውሰጂው። ማንደቪል ራሱ በ1729 በወጣው የመጽሐፉ ሁለተኛ ክፍል «ሴልፍ ላቭ»ን ለሁለት ሰንጥቆታል። ራስን ማቆየት አንድ፣ ራስን ከሌላው አስበልጦ መገመት ሌላ። እነሱም በቋንቋቸው ተቸግረው ነበር ማለት ነው።

ነገረኛ፦
የምጣኔ ሀብት ሊቁ የአዳም ስሚዝስ ልኳንዳ? በ1776ቱ መጽሐፍ እራታችንን የምናገኘው ከሥጋ ሻጩና ከዳቦ ጋጋሪው ቸርነት አይደለም ይላል። የምንናገረውም ለሰብአዊነታቸው ሳይሆን ለሴልፍ ላቫቸው ነው። እዛ «ለራስ ማወቅ» ይሄዳል?

ፍልስፍና ወዳድ፦
እዚያ «ጥቅማቸው» በቂ ነው። «ራስ ወዳድነታቸው» ካልክ ግን ልኳንዳውን ሰደብከው። ስሚዝ እየሰደበ አይደለም። በ1759 ያወጣው መጽሐፉ የሚጀምረው ሰው የቱንም ያህል ለራሱ የሚያስብ ቢመስለን የሌላው ዕጣ ግድ ይለዋል በሚል ነው።

ነገረኛ፦
የኛ ልኳንዳ ደግሞ ከመዘነ በኋላ ምርቃት ይጨምራል። እሱን ስሚዝ ይተርጉመው።

ጀማሪ ተርጓሚ፦
ደንበኛ ለመያዝ ነው ይልሃል፣ አትነካካው። የበትለርን እንዲህ አድርጌዋለሁ፦ «የሚያሳዝነው ሰው ለራሱ አብዝቶ ማወቁ አይደለም፤ ለራሱስ መች አወቀና! የሚያሳዝነው ለሌላው የሚያውቀው ማነሱ ነው።» ለዚያችው ጓደኛዬ በስልክ አነበብኩላት። «አሁን እናቴን መሰለ» አለች።

የቆሎ ተማሪ፦
«ለሌላው የሚያውቀው» ትንሽ ይጎረብጣል። «ለሌላው የሚያስበው» በይው።