ድንገተኛ ክፍል ልጄን ስለ ጭንቀት ጠየቁት፣ ልክ ነው?

ባሕር ዳር ነን። የ15 ዓመት ልጄ ከባጃጅ ወድቆ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ነርሷ «እናቱ፣ አንዴ ውጭ ጠብቂን» ብላ ስለ መሞት ሐሳብ ሁሉ ጠየቀችው። እጁ ለተሰበረ ልጅ! ያላሰበውን ማሳሰብ አይሆንም?

መልስ 1፦ አይሆንም እህቴ። መጠየቅ ሐሳቡን እንደማይፈጥር በጥናት ታይቷል። አሜሪካ የተዘጋጀው ኤኤስኪው የሚባለው ራስን የማጥፋት ሐሳብ መኖሩን የሚያጣራ መጠይቅ ለምሳሌ 4 አጫጭር ጥያቄ ነው፣ 20 ሰከንድ ገደማ ቢፈጅ ነው። ያስወጡሽ ደግሞ ልጅ እናቱ ፊት ብዙ ነገር ስለሚደብቅ ነው።

መልስ 2፦ እኔ 17 ነኝ። ቢጠይቁኝ ደስ ይለኛል፣ ግን ያወራሁት ወዲያው አባቴ ጆሮ የሚገባ ከሆነ ዝም ነው የምለው። በዚያ ላይ በመጋረጃ ብቻ በተከለለ አልጋ ላይ ማን ያወራል?

መልስ 3፦ የኔ ወንድም፣ ለሕይወትህ የሚያሰጋ ነገር ከተናገርክ ለወላጅ መነገሩ አይቀርም። ይህንን ግን ቀድመው ሊነግሩህ ይገባል። ጠበልም ካስፈለገ ጠበሉም ሐኪሙም ይሁን፣ ማን ከለከለ?