የአይፎን 12 ስክሪን ተቀይሮ ፌስ አይዲ ጠፋ፤ ምን ይሻላል?

የማራኪ ልጅ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ፒያሳ፣ ከሌላ አይፎን 12 የወጣ ኦርጅናል ስክሪን ተገጠመልኝ። አሁን «ስክሪኑን አላውቀውም» ዓይነት ማስጠንቀቂያ ያመጣል፤ ፌስ አይዲም (ስልኩን በፊት መክፈቻው) እምቢ አለ። ጠጋኙ «አፕል ለሌባ ብሎ የቆለፈው ነው» ይላል። እውነት ነው?

ፍላት ኬብል፦ ሁለቱን ለያቸው፣ ምክንያታቸው የተለያየ ነው። 12 ላይ የጆሮ ስፒከሩና የፊት ሴንሰሮቹ በአንድ ፍላት (ቀጭን ጠፍጣፋ ኬብል) ከስክሪኑ ጀርባ ተለጥፈዋል። ፍላቱ ከፋብሪካ ከቦርድህ (ከስልኩ ዋና ሰሌዳ) ጋር የተጣመረ ስለሆነ የሌላ ስልክ ፍላት ሲገባ ፌስ አይዲ አይሠራም። ዛሬውኑ ሄደህ የድሮውን ስክሪን ተቀበል፤ መስታወቱ ቢደቅም ፍላቱ ደህና ከሆነ ይዛወራል። መጀመሪያ የባትሪው ሶኬት ይነቀል። ከዚያ ሴንሰሩ ያለበት ቦታ ለብ እስኪል ይሙቅና በቀጭን ፕላስቲክ ከሥር ይነሳ። በፒንሴት የጎተተው ይቀደዳል፤ ከተቀደደ ማይክሮስኮፕ ያለው ሰው ያስፈልጋል።

ማስጠንቀቂያውን በተመለከተ፦ አይኦኤስ 18 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሴቲንግ፣ ጄኔራል፣ አባውት ግባ። ጥገናውን ጨርስ የሚል ከመጣ ዋይፋይ ከፍተህ ተጫነው። ኮፒ (ኦርጅናል ያልሆነ) ስክሪን ላይ ግን አትድከም። ትሩ ቶን (የስክሪኑን ቀለም ከአካባቢው ብርሃን ጋር የሚያስማማው) ከጠፋ በፕሮግራመር፣ ማለትም ዳታ በሚገለብጥ የጠጋኝ መሣሪያ፣ የድሮው ስክሪን ዳታ ይገለበጣል፣ ማስጠንቀቂያው ግን በዚያ አይጠፋም።

ቦርድ አንባቢ፦ «ለሌባ ብሎ» የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። ሌባን የሚያስቸግረው ከእ.ኤ.አ. 2013 ጀምሮ ያለው አክቲቬሽን ሎክ (ያለ ባለቤቱ የአፕል ፓስወርድ ስልኩን የማያስነሳ ቁልፍ) ነው። ቦርዱ ሲቆለፍበት ሌባው ስልኩን በትኖ ስክሪንና ካሜራውን ይሸጣል። ክፍሎችን ከቦርዱ ጋር ማጣመሩ ብቻውን የተሰረቀውን ከተገዛው አይለይም፤ ገዝቶ የፈታውም እኩል ይቀጣል። ለሌባ ታስቦ የመጣው በአይኦኤስ 18 የተጨመረው ነው፦ ክፍሉ የወጣበት ስልክ ላይ አክቲቬሽን ሎክ ካለ የባለቤቱን ፓስወርድ ይጠይቃል። ስለዚህ የተሰበረ ስልክ ለዕቃ የምትገዙ፣ ሻጩ ፊታችሁ ከአይክላውድ (ከአፕል አካውንቱ) ይውጣ።

የአሜሪካዋ ኦሪገን ግዛት በእ.ኤ.አ. 2024 ማጣመርን የሚከለክል ሕግ አውጥታለች፤ ግን ከእ.ኤ.አ. 2025 ወዲህ ለተመረቱ ነው፣ 12ን አይመለከትም።

አዘዞ፦ ስልካችሁ እጃችሁ ላይ እያለ፣ ከአይኦኤስ 17.3 ጀምሮ ያለውን የተሰረቀ ስልክ ጥበቃ አብሩት። ፓስኮዳችሁን ያየ ሌባ እንኳ ከለመዳችሁት ቦታ ውጭ የአፕል አካውንት ፓስወርድ ለመቀየር አንድ ሰዓት ይጠብቃል። ግን ፌስ አይዲ ይፈልጋል፤ መጀመሪያ ፍላቱ ይስተካከል።

የማራኪ ልጅ፦ የድሮው ስክሪን ተገኘ። ፍላቱ ጫፉ ላይ ታጥፏል።

ፍላት ኬብል፦ ለማቃናት አትሞክር። እንደታጠፈ ካርቶን ላይ አስረህ ውሰደው።