የእቁብ ዳኛዬ ለምን ያጭበርብር?

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ የፊልም ጽሑፍ ይዤ ሦስት ወር ተገትሬያለሁ። ዋናው ሰውዬ መርካቶ ውስጥ የተከበረ የእቁብ ዳኛ ነው። ግን እጣ ያጭበረብራል፤ የፈለገውን ስም የያዘችውን ወረቀት ጠበቅ አድርጎ ይጠቀልላትና በጣቱ ይለያታል። ይቺን ትዕይንት እወዳታለሁ።

የተቸገርኩት ምክንያቱ ላይ ነው። መጀመሪያ ለታመመች ልጁ ብሎ ነው አልኩ። ያነበበችልኝ ጓደኛዬ «ኧረ በናትህ፣ ይሄማ ጻድቅ ነው!» አለችኝ። እውነቷን ነው። ለቁማር ሳደርገው ደግሞ እኔም ጠላሁት።

አሁን ያለሁበት፦ ብሩን አይነካም፤ ሱሱ ማን መቼ እንደሚደርሰው መወሰን ነው። አንድ ቀን አዝኖ ያስቀደማት ሴት እቁቡን በልታ ትጠፋለች። ዋሷ የገዛ ወንድሙ ነው።

ይሄ ሙሉ ፊልም ይወጣዋል? ተመልካቹ ቶሎ እንዳይጠላውስ መጀመሪያ ላይ ምን ሲያደርግ ላሳየው? ሳታባብሉኝ ንገሩኝ።