ጥቁሩ ላስቲክ ማሳዬ ውስጥ ተቦጫጭቆ ቀረ፤ ምን ይሻላል?

ባለ ቲማቲም፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቲማቲም ነው የማመርተው። ብዙ አይደለም፤ 20 መደብ፣ እያንዳንዱ 30 ሜትር። ሁለት ዓመት ሆነኝ መደቡን ጥቁር ላስቲክ ማልበስ ከጀመርኩ። እውነቱን ለመናገር ወድጄዋለሁ። አረም ብሎ ነገር የለም። የጠብታ መስኖው ቱቦ ከላስቲኩ ስር ስለሚሄድ ውሃው በከንቱ አይተንም። የታችኛው ፍሬም አፈር ስለማይነካ እንደ ድሮው አይበሰብስብኝም።

ጣጣው የመጣው ሲነሳ ነው። የመጨረሻውን ፍሬ ለቅሜ ላስቲኩን ልስብ ስል እንደ ደረቅ የሽንኩርት ልጣጭ እጄ ላይ ተፈረካከሰ። የሚገርመው፣ አፈር የተጫነው ጠርዙ እንደ አዲስ ነው። የተበጣጠሰው ፀሐይ ያየው መሃሉ ነው። አሁን ዶማ ባነሳሁ ቁጥር ጥቁር ቁርጥራጭ ይወጣል። ትናንት አንድ አካፋ አፈር ወንፊት ላይ አድርጌ ቆጠርኩ፤ 17 ሆነ። ያውም ጥፍሬን የሚያክሉትን ብቻ።

ጎረቤቴ «እሳት ልቀቅበትና ተገላገል» ይለኛል። ሻጩ ደግሞ ያን ጊዜ «በራሱ ጊዜ ይበሰብሳል» ብሎኝ ነበር። ማንን ልስማ? እኔ እኮ ፌስታል ቤቴ አይገባም ብዬ የጨርቅ ቦርሳ ይዤ የምዞር ሰው ነኝ። ማሳዬ ላይ ግን 600 ሜትር ላስቲክ አነጥፋለሁ። ሳስበው ራሴን ታዘብኩት።

የችግኝ ሰው፦
ወንድሜ፣ ብቻህን አይደለህም። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በ2021 ባወጣው ሪፖርት፣ ለሰብልና ለእንስሳት እርባታ ብቻ በዓመት 10.2 ሚሊዮን ቶን ፕላስቲክ ይውላል። ሰው ፌስታሉን ያያል፤ ማሳ ውስጥ የገባውን ማን አይቶት!

አንድ ነገር ልጠይቅህ። የላስቲኩ ውፍረት ስንት ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺኛ) ነበር? ጥቅሉ ላይ ተጽፎ ይሆናል።

ባለ ቲማቲም፦
የካርቶኑን ቁራጭ አገኘሁት። 12 ይላል። ወርዱ 1.20 ሜትር።

የችግኝ ሰው፦
በል ነገሩ እሱ ጋ ነው። የራስ ፀጉር እንኳ 70 ማይክሮን ገደማ ይወፍራል። አስላው፤ 600 ሜትሩ በሙሉ ቢመዘን 8 ኪሎ ቢሆን ነው። 25 ማይክሮን ብትገዛ ኖሮ 16 ኪሎ ተኩል ይሆን ነበር። ላስቲክ በኪሎ ስለሚሸጥ ስሱ ርካሽ ይመስላል። ልዩነቱን የምትከፍለው ሲነሳ ነው፣ በወገብህ። ቻይናዎች ይህን ቀድመው አይተውታል። ለዓመታት ስስ ላስቲክ ሲያነጥፉ ኖረው፣ ቁርጥራጩ ሥርና ውሃ መከልከል ሲጀምር በ2017 ደረጃቸውን ከልሰው ዝቅተኛውን ውፍረት ከ8 ወደ 10 ማይክሮን ከፍ አደረጉት። ለእኔ 10ም ቢሆን ስስ ነው።

እኔ ግሪንሃውስ ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። እዚያ ጣሪያ ላይ የሚወጣው ከ150 እስከ 200 ማይክሮን ነው፤ የፀሐይ መከላከያም አለው። እሱም ቢሆን ድኝ ያለበት መድኃኒት አዘውትረህ ስትረጭ ዕድሜው ያጥራል። ይህን የተማርኩት ጣሪያው ጭንቅላቴ ላይ ከተቀደደ በኋላ ነው፣ ተዉት።

ስለ ማንሳቱ፦ መጀመሪያ ግንዱን ከላስቲኩ በላይ ቁረጠው። መደቡ እስኪደርቅ ውሃ አቁም፤ እርጥብ አፈር ተጣብቆ ይመጣብሃል። ከዚያ ጠርዙን በአካፋ ፈልቅቀህ ሁለት ሰው ሆናችሁ ቀስ እያላችሁ ጠቅልሉት። ዋናው ግን ጊዜው ነው። ምርት ካለቀ በኋላ ወር ሙሉ ፀሐይ ላይ ከተውከው አለቀልህ። አፈሩንም አራግፍ። ብዙ ጊዜ የሚነሳው ጥቅል ውስጥ ከላስቲኩ አፈሩ ይከብዳል፤ መልሰው የሚያቀልጡ ሰዎች የማይቀበሉትም ለዚህ ነው።

ኬሚስቷ፦
ስለ «ይበሰብሳል» ልግባበት፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ተራ ፖሊኢትሊን፣ ማለትም ፌስታል የሚሠራበት ፕላስቲክ ሆኖ ቶሎ እንዲሰባበር የብረት ጨው የተጨመረበት ነው። ይሄ አይበሰብስም፤ ይደቃል እንጂ። ከዓይንህ ይጠፋል፣ ከአፈሩ ግን አይጠፋም። የአውሮፓ ኅብረት ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ገበያ እንዳይወጣ ከልክሎታል። ሌላው የአፈር ተሕዋስያን በእርግጥ የሚበሉት ነው። ለእሱ በ2018 የወጣ የአውሮፓ ደረጃ አለ፤ ቁጥሩ ኢኤን 17033። ቤተ ሙከራ ውስጥ በሁለት ዓመት 90 በመቶው ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መለወጥ አለበት። ማሳህ ቀዝቃዛ ወይም ደረቅ ከሆነ ከዚያም ይዘገያል። ሻጭ «ይበሰብሳል» ካለህ «በየትኛው ደረጃ?» በለው። ዝም ካለ መልሱን አገኘህ።

ማቃጠሉን እርሳው። ሜዳ ላይ የሚነድ እሳት ላስቲኩን በደንብ አያቃጥለውም፤ ጥቀርሻና መርዛማ ጭስ ነው የሚያወጣው። የፒቪሲ ቧንቧ ቁራጭ ከተቀላቀለበት ደግሞ የአሲድ ጋዝና ዳይኦክሲን የሚባል መርዝ አለ። አመዱም የሚያርፈው ያው ቲማቲሙ ላይ ነው።

የላሞች እናት፦
እኔ ሳይንሱን አላውቅም፤ ያየሁትን ልናገር። አንዲት ላም ነበረችኝ። ሆዷ ሙሉ ይመስላል፣ ግን በየቀኑ ትከሳለች። ወተቷም ነጠፈ። ስትታረድ ከጨጓራዋ የወጣው ገመድና ላስቲክ ተጠቅልሎ የልጅ ኳስ ያህል ሆኖ ነበር። ላም እኮ መርጣ አትበላም፤ ትውጥና በኋላ ነው የምታመነዥከው። ላስቲክ ደግሞ አይፈጭም፣ አይወጣም። እባክህ ልጄ፣ ነፋስ ወደ ግጦሽ እንዳይወስደው።

ባለ ቲማቲም፦
እማማ፣ ይሄ አስደነገጠኝ። ከአጥሬ ማዶ በጎች ይግጣሉ፤ ዛሬውኑ አጥሩ ላይ የተንጠለጠለውን እለቅማለሁ።

ለመጪው ወቅት 16 መደብ በ25 ማይክሮን፣ 4 መደብ ደግሞ በገለባ ልሞክር አስቤያለሁ። አፈር ውስጥ ለቀረው ቁርጥራጭስ መላ አለ?

የችግኝ ሰው፦
መላው እጅ ነው። ከእርሻ በፊት በሬክ ጥረገው፤ ካረስክ በኋላ ወደ ታች ይገባና አታገኘውም። ዝናብ ከጣለ በኋላም ማሳውን ዞር ዞር በልበት፤ አፈሩን ሲያጥበው ጥቁሩ ቦግ ብሎ ይታያል። ሁሉንም አታወጣውም። ትልልቁን ግን ሳይደቅ ቅደመው።

ገለባውን አራት ጣት አሳንሰህ አታልብስ፤ ከሳሳ አረሙ ይስቅብሃል። ፍሬ የያዘ አረም የተቀላቀለበት ገለባም አትቀበል። እኔ አንዴ ተቀብዬ ሁለት ዓመት ሳርም ኖሬያለሁ።