ቬንቲሌተር ላይ ያለ የኢንፍሉዌንዛና የኮቪድ ታካሚ፦ ተደራቢ ኢንፌክሽንን ቀድሞ መለየት

የጮቄ ነፋስ (ምሥራቅ ጎጃም)

ጤና ይስጥልኝ፣ የሙያ ባልደረቦቼ። ጥያቄዬ ኢንፍሉዌንዛ ወይም ኮቪድ ሳንባቸውን ጎድቶት ቬንቲሌተር ላይ ስላሉ ታካሚዎች ነው። መሻል ከጀመሩ በኋላ በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ቀን የኦክስጅን ፍላጎታቸው እንደገና ይጨምራል። የኮቪዶቹ በቀን 6 ሚሊ ግራም ዴክሳሜታሶን (ስቴሮይድ) ስለሚወስዱ ትኩሳት ላያሳዩ ይችላሉ፤ ነጭ የደም ሴላቸው ደግሞ ኢንፌክሽን ሳይኖርም ከ15,000 ሲያልፍ ይታያል። ራጁ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በሁለቱም ጎን ነጭ ስለሆነ አዲሱን ጥላ ከአሮጌው መለየት ይከብዳል።

በእጃችን ያለው ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ)፣ ራጅ፣ ግራም ስቴይን (ባክቴሪያን ቀለም ቀብቶ በማይክሮስኮፕ ማየት)፣ አንዳንዴም ሲአርፒ (ብግነትን የሚያሳይ የደም ምርመራ) ነው። ፕሮካልሲቶኒን (ሌላ የኢንፌክሽን የደም ምርመራ) የለም፣ የካልቸር (ባክቴሪያን አብቅሎ የመለየት) ናሙና ወደ ባሕር ዳር ይላካል። እስከዚያው ሁሉም ሴፍትሪአክሶን የተባለ አንቲባዮቲክ ላይ ይውላል፤ ካልተሻለው ጠንከር ያለው ሜሮፔነም ይጨመርለታል። ይህ አካሄድ እጅግ ያሳስበኛል።

ባለን ነገር የትኛው ምልክት ነው ቀድሞ የሚያስጠነቅቀን? የቬንቲሌተር የሳንባ ምችን ለመገመት የሚያገለግለው ሲፒአይኤስ የሚባለው ነጥብ አሰጣጥስ ለእንዲህ ዓይነት ታካሚ ይሆናል? ከመዝገባችን ተነስተን የራሳችንን የትንበያ ሞዴል እንሥራ የሚል ሐሳብም ቀርቧል፤ ያዋጣል ወይ?


ጣና ዳር

ሰላም ዶክተር። መጀመሪያ ሲገባ አብሮት የመጣውን ባክቴሪያና ክፍላችን ውስጥ የያዘውን ለይተው ይዩ። መለያው 48 ሰዓት ነው።

ኢንፍሉዌንዛ ባክቴሪያውን ብዙ ጊዜ ይዞት ይመጣል፦ ኒሞኮከስ፣ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ፣ ሄሞፊለስ። በኢንፍሉዌንዛ ሾክ (አደገኛ የደም ግፊት መውረድ) ውስጥ ሆኖ የገባ፣ ደም የቀላቀለ አክታ ያለው፣ ራጁ ላይ ዋሻ የሚታይበት ወይም ነጭ የደም ሴሉ ከ4,000 በታች የወረደ ታካሚ ስታፊሎኮከስ እንዳለበት ተቆጥሮ መታከም አለበት። እዚህ ላይ ትንበያ የሚባል ነገር የለም፤ የደም ካልቸር ወስደው ወዲያው ይጀምሩለት። ኮቪድ ግን ሌላ ነው። በ2020 የወጣ የብዙ ጥናቶች ጥምር ትንተና ሲገቡ ባክቴሪያ የተገኘባቸው 3.5 በመቶ ያህል፣ በኋላ የተደረበባቸው ደግሞ 14 በመቶ ያህል መሆናቸውን አሳይቷል፤ አንቲባዮቲክ የተሰጣቸው ግን ከ70 በመቶ በላይ ነበሩ። ስለዚህ ሾክ የሌለበት የኮቪድ ታካሚ በገባበት ቀን ሴፍትሪአክሶን የሚጀመርበት ምክንያት ብዙ ጊዜ አይኖርም። የሚያተርፈው ነገር ቢኖር አምስተኛው ቀን ላይ የሚመጣው ባክቴሪያ ሴፍትሪአክሶንን የለመደ እንዲሆን ማድረግ ነው።

ቱቦ ከገባ ከ48 ሰዓት በኋላ ላለው ጊዜ ከሁሉ በፊት የሚታመነው የቬንቲሌተሩ ቁጥር ነው። በየቀኑ ዝቅተኛውን ፒፕ (በትንፋሽ መጨረሻ ሳንባ ውስጥ የሚቀረውን ግፊት) እና ዝቅተኛውን የኦክስጅን መቶኛ ይመዝግቡ። ቢያንስ ለሁለት ቀን ረግቶ ወይም እየቀነሰ የነበረ ታካሚ ፒፑ በ3 ሴንቲ ሜትር ውሃ ወይም ኦክስጅኑ በ20 ነጥብ ካደገና ያ ጭማሪ ሁለት ቀን ከቆየ አንድ ነገር ተፈጥሯል ማለት ነው። የአሜሪካው ሲዲሲ ለክትትል የሚጠቀምበት መለኪያ ይኸው ነው። ለአልጋ ዳር ሥራ ግን ሁለት ቀን መጠበቅ አያስፈልግም፤ ጭማሪው ለጥቂት ሰዓታት ከጸና ምርመራውን ይጀምሩ።

ይህ የሚሠራው ኦክስጅኑ በልክ ሲሰጥ ብቻ ነው። የጣት ንባቡ (በጣት ላይ የሚለካው የደም ኦክስጅን) 99 ላይ እንዲቆይ ከተተወ ሳንባው እየተበላሸም ቁጥሩ አይነቃነቅም። ከ92 እስከ 96 ባለው ውስጥ ያቆዩት፤ ያኔ መበላሸቱ ወዲያው በኦክስጅኑ ጭማሪ ይታያል። የደም ጋዝ ምርመራ ከሌለ የጣት ንባቡን ለኦክስጅኑ መጠን ማካፈል ይቻላል፤ ከ97 በላይ ሲሆን ግን ውጤቱ ትርጉም የለውም። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነ መጽሐፍ ላይ ያሉትን ወሰኖች እንዳሉ አይውሰዱ። ታካሚውን ከትናንቱ ከራሱ ጋር ያወዳድሩ።

ቁጥሩ ሲያድግ ግን ኢንፌክሽን ከማለትዎ በፊት በአሥር ደቂቃ የሚጣሩ አሉ፦ ቱቦው በአክታ ተደፍኗል? ወደ ቀኝ ብሮንከስ ወርዷል? ኒሞቶራክስ (ከሳንባ ውጭ ደረት ውስጥ የታሰረ አየር) አለ? ከትናንት ወዲህ ስንት ሊትር ፈሳሽ ገባ፣ ስንት ወጣ? በሆዱ ተኝቶ ቆይቶ በጀርባው ከተመለሰ ገና ጥቂት ጊዜው ነው? የሳንባ ደም ሥር በረጋ ደም መዘጋቱንም አይርሱ።

ስለ ደም ምርመራው፦ ስቴሮይድ ላይ ያለ ሰው ትኩሳት የለውም ማለት ደህና ነው ማለት አይደለም። የነጭ ሴል ብዛትም ብቻውን አያስኬድም፤ ስሚሩ ላይ ያልበሰሉ ኒውትሮፊሎች (ባክቴሪያን የሚዋጉ ነጭ የደም ሴሎች) እና በውስጣቸው የደመቁ ቅንጣቶች (ቶክሲክ ግራኑሌሽን) ካሉ ግን ክብደት ይስጡት። ሲአርፒ በዴክሳሜታሶን ስለሚወርድ ዋጋ ያለው እንደገና መውጣቱ ነው፤ በየሁለት ቀኑ ካልተለካ ደግሞ ያ አይታይም። ቶሲሊዙማብ (ብግነትን የሚገታ መድኃኒት) ለተሰጠው ታካሚ ሲአርፒን ለሳምንታት ይተዉት። ፕሮካልሲቶኒን ስለሌለ ብዙ አይዘኑ፤ ኩላሊት ሲደክም ያለ ባክቴሪያም ይጨምራል፣ ዋነኛ ጥቅሙም አንቲባዮቲክ ለማቆም ነው እንጂ ለመጀመር አይደለም።

ሲፒአይኤስ ለእነዚህ ታካሚዎች አይሆንም። ኤአርዲኤስ (ሁለቱንም ሳንባ የያዘ ከባድ ጉዳት) ካለ የኦክስጅኑ ክፍል ዜሮ ይሰጣል፣ ራጁ ተበታትኖ ነጭ ስለሆነ ከመጀመሪያው ቀን 1 ይይዛል፣ ነጭ ሴሉ በስቴሮይዱ ምክንያት 1 ይጨምራል። የቀረው ትኩሳትና አክታ ነው፤ ትኩሳቱን ደግሞ መድኃኒቱ ደብቆታል። በ2016 የወጣው የአሜሪካ የኢንፌክሽንና የሳንባ ሐኪሞች መመሪያም አንቲባዮቲክ ለመጀመር ሲፒአይኤስንም ሲአርፒንም እንዳንጠቀም ይመክራል።


ግራም ሐምራዊ

ከላቦራቶሪ በኩል ልጨምር። ግራም ስቴይን አላችሁ፤ በአግባቡ ከተወሰደ ናሙና ላይ ከተሠራ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚደርስላችሁ ጠቃሚ መልስ እሱ ነው። ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው አልጋው ዳር ነው።

ናሙናው አዲስ አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ ወይም ከመቀየሩ በፊት ይወሰድ። አዲስ ስቴራይል የሳክሽን ካቴተር ከናሙና መያዣ ጋር ያገናኙ፤ ካቴተሩ ወደ ታች ሲገባ ሳክሽኑ ዝግ ይሁን፤ መሰናክል ሲያገኝ ትንሽ ወደ ኋላ መልሰው ይሳቡ። ሳላይን አይጨምሩ፣ ናሙናውን ያቀጥነዋል። ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሊትር ይበቃል። በሁለት ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ ካልደረሰ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ማቀዝቀዣ ይቀመጥ፤ ከ24 ሰዓት በላይ ግን አይቆይ። ባሕር ዳር የሚላከው በበረዶ ሳጥን ይሁን። የደም ካልቸር ጠርሙስ ግን በፍጹም አይቀዝቅዝ! ሁለቱን በአንድ ሳጥን መላክ ውጤቱን ያበላሻል።

ስላይዱን በ10 ኦብጀክቲቭ እዩት፦ በአንድ መስክ ኒውትሮፊል ከ25 በላይ፣ ስኳመስ ሴል (የአፍና የጉሮሮ ሽፋን ሴል) ከ10 በታች ከሆነ ከሳንባ የመጣ ነው። ስኳመሱ ከበዛ የአፍ ምራቅ ስለሆነ ካልቸር አይሠራለት፤ እንደገና ይወሰድ። ቀጥሎ በዘይት ኦብጀክቲቭ ባክቴሪያውን ፈልጉ። ላለፉት ሦስት ቀናት አንቲባዮቲክ ያልተቀየረለት ታካሚ ጥሩ ናሙና ሰጥቶ ምንም ባክቴሪያ ካልታየ የቬንቲሌተር የሳንባ ምች የመሆን ዕድሉ በጣም ዝቅተኛ ነው። ይህን ውጤት በስልክ ለተረኛው ሐኪም መንገር ብዙ ሜሮፔነም ያድናል።

ካልቸሩ ላይ ክሌብሲየላ ወይም አሲኔቶባክተር ወጣ ማለት ብቻውን በሽታ አይደለም፤ ቱቦ ውስጥ ጥቂት ቀን የቆየ ሁሉ ያበቅላል። ላቦራቶሪው ብዛቱን እንዲጽፍ ጠይቁ። ከቱቦ በተሳበ አክታ በሚሊ ሊትር ከ100,000 በታች ከሆነ ቅኝ ነዋሪ (በሽታ ሳያስይዝ የሰፈረ) የመሆኑ ነገር ያመዝናል።

ደም ሲወሰድ ከሁለት የተለያየ ቦታ፣ ለአዋቂ በየጠርሙሱ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሊትር። 3 ሚሊ ሊትር ተወስዶ ኔጌቲቭ ቢመጣ ምንም ማረጋገጫ አይሆንም።


ዳሞት

ሞዴሉን በተመለከተ። ያዋጣል፣ ግን ብቻችሁን ከሆነ አይሆንም። ሎጂስቲክ ሪግሬሽን (የተለመደው የትንበያ ስሌት) ለአንድ መተንበያ ቢያንስ 10 ኢንፌክሽን ይፈልጋል፤ ያውም ዝቅተኛው ልክ ነው። 40 የተረጋገጡ ኢንፌክሽኖች ካሏችሁ ከአራት መተንበያ በላይ አትጫኑበት። የጎጃም ሆስፒታሎች አንድ ዓይነት ቅጽ ይዘው ቢሰበስቡ ይሻላል።

ከመጀመራችሁ በፊት ኢንፌክሽን ማለት ምን እንደሆነ ጻፉ። ካልቸር የሚወሰደው ከተጠረጠረ ታካሚ ብቻ ከሆነ ያልተጠረጠረው ሁሉ ደህና ተብሎ ይመዘገባል፤ ሞዴሉም ባክቴሪያውን ሳይሆን የሐኪሙን ጥርጣሬ ይማራል። አንቲባዮቲክ መጀመሩን ወይም ካልቸር መታዘዙን መተንበያ አድርጋችሁ ካስገባችሁ ሞዴሉ እጅግ ድንቅ ይመስላል፤ መልሱን ግን ከጥያቄው ውስጥ አንብቦ ነው።

ትንበያው በየቀኑ ጠዋት በተወሰነ ሰዓት፣ እስከዚያ ድረስ ባለው መረጃ ብቻ፣ ለቀጣዮቹ 48 ሰዓታት ይሁን። የአንድ ታካሚ ብዙ ቀናት ስለሚኖሩ ለማሠልጠኛና ለመፈተኛ ስትከፍሉ በታካሚ እንጂ በመስመር አትክፈሉ። ቱቦው የወጣለትንና የሞተውንም ኢንፌክሽን አልያዘውም ብላችሁ ከሌላው ጋር አትደምሩ፤ ኢንፌክሽኑ ሳይታይ ክትትሉን የሚያቋርጡ ተወዳዳሪ ክስተቶች ናቸው። ከቦስተን ሆስፒታል የተሰበሰበው ሚሚክ የተባለ የታካሚዎች መረጃ ላይ የተሠራ ሞዴል አውርዶ እዚህ መጠቀምም አይሆንም፤ ምርመራው በምን ያህል ጊዜ እንደሚታዘዝ ራሱ ይለያያል።

ከዚያ ቁጥሩን በሰው ቆጥራችሁ ተመልከቱት። ከ100 ታካሚዎች 15ቱ ኢንፌክሽን ይይዛቸዋል እንበል፤ ሞዴሉ ሴንሲቲቪቲው (የታመሙትን የመያዝ አቅሙ) 80፣ ስፔሲፊሲቲው (ደህናዎቹን ደህና የማለት አቅሙ) 75 በመቶ ቢሆን 12ቱን ይይዛል፣ 3ቱ ያመልጡታል፣ ደህና ከሆኑት 85 ውስጥ ደግሞ 21 ያህሉን በስህተት ይጠራል። ማስጠንቀቂያ ከተሰጠባቸው 33 ሰዎች እውነተኞቹ 12 ብቻ ናቸው። ዝም ካለባቸው 67 ውስጥ ግን 64ቱ በእርግጥ ደህና ናቸው። ስለዚህ የሞዴሉ ማስጠንቀቂያ ናሙና ያስወስድ እንጂ መድኃኒት አያስጀምር። ዝምታው ደግሞ የተረጋጋ ታካሚ ላይ አንቲባዮቲክ ላለመጨመር ያግዛል።


የጮቄ ነፋስ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። አንድ ነገር ብቻ፦ ናሙና ተወስዶ ውጤቱ እስኪመጣ ታካሚው ሾክ ውስጥ ቢገባስ?


ጣና ዳር

ሾክ ከገባ አይጠበቅም፤ ናሙናው እንደተወሰደ በሆስፒታላችሁ የሚበቅሉትን ባክቴሪያዎች የሚሸፍን መድኃኒት ይጀመር። በ48 እና በ72 ሰዓት ግን ቆም ብላችሁ እዩት፤ ካልቸሩ ኔጌቲቭ ከሆነና የቬንቲሌተሩ ቁጥር ከወረደ መድኃኒቱ ይቁም። ኢንፌክሽኑ ከተረጋገጠም ለአብዛኛው የቬንቲሌተር የሳንባ ምች 7 ቀን ይበቃል።

ለጎጃም ታካሚ ሁለት ነገር ልጨምር። ገበሬ ከሆነ፣ በባዶ እግሩ የሚሠራ ከሆነ፣ ስትሮንጂሎይድስ (በቆዳ የሚገባ የአንጀት ትል) ሊኖርበት ይችላል፤ ስቴሮይዱ ትሉን ይለቀዋል፣ ትሉም የአንጀት ባክቴሪያ ተሸክሞ ደምና የአንጎል ሽፋን ውስጥ ይገባል። ኢኦሲኖፊል (በትል ጊዜ የሚበዛው ነጭ የደም ሴል) አለመጨመሩ አያሳምናችሁ፣ ስቴሮይድ ይደብቀዋል። ምንጩ ያልታወቀ ግራም ኔጌቲቭ በደም ካልቸር ከወጣ ከተሳበው አክታ ላይ ሳይቀባ ሳይደርቅ አንድ ጠብታ በማይክሮስኮፕ ይታይ፤ እጭ ትሉ ሲንቀሳቀስ ይገኛል። ለመከላከል አይቨርሜክቲን በኪሎ 200 ማይክሮ ግራም ነው፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ባለ 3 ሚሊ ግራሙ አራት ፍሬ።

ሌላው ቲቢ ነው። ከዚያው ከተሳበው አክታ ለጂን ኤክስፐርት (የቲቢ የዘረመል ምርመራ) ይላክ፤ ሌቮፍሎክሳሲን የተባለው አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ይሁን፣ ቲቢውን ለጊዜው አለዝቦ ምርመራውን ያዘገየዋልና።


ግራም ሐምራዊ

ለጂን ኤክስፐርቱ ቢያንስ 1 ሚሊ ሊትር በተለየ ዕቃ ይላክ፤ ከካልቸሩ የተረፈ አይሁን። ለትሉ የሚታየው ናሙና ማቀዝቀዣ ሳይገባ ወዲያው ይምጣ፣ ሲበርድ እንቅስቃሴው ይቆማል። ማዘዣው ላይ «ስቴሮይድ ላይ ያለ» ብላችሁ ጻፉ፤ እኛ ያን ካላየን እጭ ትል አንፈልግም።